ቋንቋውን ሳይማሩ አገሩን ዐውቄአለሁ ማለት ይቻላልን?

የእኅቴ ልጅ በአሜሪካ አገር ተወልዳ ያደገች፣ ዛሬም በዚያው አገር ካሉት ዩኒቨርሲቲዎች ባንዱ የምትማር ወጣት ናት። ባለፈው ክረምት ስልክ ደወለችና «ጋሼ፣ ከዋናው ትምህርቴ ጋራ ስለ አፍሪካ አንድ ማይነር ልጨምር ነው፤ የሚጠየቀውን ግዴታ አንብበው ምን ምን ብወስድ እንደሚሻል ይንገሩኝ» አለችኝ። ወረቀቱንም ላከችልኝ። እኔም መነጽሬን አድርጌ ከላይ እስከ ታች ተመለከትሁት። ስድስት ኮርስ፣ በክሬዲት 18፤ ከታሪክ አንድ፣ ከፖለቲካ አንድ፣ ከሥነ ጽሑፍ ወይም ከሲኒማ አንድ፣ የቀሩት ሦስቱ እንደ ተማሪው ምርጫ። በመጨረሻው መስመር ላይ አንድ ማስታወሻ ነበረ። ተማሪው ከአፍሪካ ቋንቋዎች አንዱን ቢማር መልካም መሆኑን ካመለከተ በኋላ፣ የመጀመሪያው ዓመት የቋንቋ ትምህርት ግን ከ18ቱ ክሬዲት ውስጥ የማይቈጠር መሆኑን ይገልጻል።

ይህን መስመር ሁለት ጊዜ አነበብሁት። መጀመሪያ ዐይኔ የተሳሳተ መስሎኝ ነበር። አንድ ተማሪ ስለ አፍሪካ የተሠሩ ፊልሞችን ለአንድ መንፈቅ ተቀምጦ ቢያይ ሦስት ክሬዲት ይያዝለታል፤ አንድ ዓመት ሙሉ በየማለዳው ተነሥቶ ፊደል ቢቈጥር፣ ግሥ ቢያረባ፣ ቃል ቢያጠና ግን ለዚያ ማይነር ምንም አይቈጠርለትም። ፊልሙን መንቀፌ አይደለም፤ እኔም ሲኒማ እወዳለሁ።

የነገሩን ሥርዓት ለማያውቁ አንባብያን ጥቂት ላስረዳ። በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪው ለዲግሪ የሚያበቃውን ዋና ትምህርት ይመርጣል፤ ይህም ሜጀር ይባላል። ከፈለገ ደግሞ ሁለተኛ የዕውቀት መስክ ባነስተኛ መጠን፣ ብዙውን ጊዜ በአምስት ወይም በስድስት ኮርስ፣ ሊያጠና ይችላል፤ ማይነር የተባለው ይህ ነው። በስድስት ኮርስ ሰው ሊቅ ይሆናል ብሎ የሚያስብ የለም። ይሁን እንጂ ስሙ በትምህርት ማስረጃው ላይ ይጻፋል፤ ጋዜጣውም፣ የርዳታ ድርጅቱም፣ ኤምባሲውም ያየዋል። «ይህ ወጣት የአፍሪካን ነገር ያጠና ነው» ይባላል። ከጥቂት ዓመታት በኋላም ያው ወጣት በአንድ ስብሰባ ላይ ተቀምጦ ስለ አንድ ወረዳ ርሃብ፣ ስለ አንድ ድንበር፣ ስለ አንድ ወደብ ሐሳብ ሲሰጥ ይገኛል። ወረዳውና ወደቡ የእኛ ናቸውና ነገሩን የሩቅ ሰዎች ጉዳይ ነው ብለን ልናልፈው አንችልም።

የአንድን የዓለም ክፍል ታሪክ፣ መንግሥት፣ ኤኮኖሚና ልማድ ባንድነት የሚመረምረው ይህ የክፍለ ዓለም ጥናት በአሜሪካ በመንግሥት ገንዘብ ሲቋቋም ሐሳቡ እንዲህ አልነበረም። በ1957 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) ሶቪየት ኅብረት ስፑትኒክ የተባለችውን ሰው ሠራሽ ጨረቃ ወደ ሰማይ ባስወነጨፈች ጊዜ አሜሪካኖች ደነገጡ። በማግሥቱ ዓመት በ1958 ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ትምህርትን ከአገር መከላከያ ጋራ ያያያዘውን ሕግ ፈረሙ። የዚህ ሕግ ስድስተኛ ክፍል የሚናገረው፣ ለአገሩ እያስፈለጉ በበቂ ስለማይሰጡት የውጭ ቋንቋዎች ነበር። ስለ አቀማመጡ ልብ ማለት ያስፈልጋል። መጀመሪያ የተጠራው ቋንቋው ነው፤ ታሪክ፣ የፖለቲካ ሳይንስ፣ የኤኮኖሚ ትምህርት፣ ጂኦግራፊና የቀሩት፣ ቋንቋው የሚነገርበትን አገር አሟልቶ ለመረዳት የሚያስፈልጉ ረዳቶች ሆነው ከኋላ ተከተሉት። ሕጉን ያወጡት ሰዎች ለእኛ ባሕል ፍቅር አድሮባቸው አይደለም፤ ያስገደዳቸው ፍርሃት ነው። ፍርሃትም ቢሆን አንዳንድ ጊዜ ትክክለኛውን መንገድ ያሳያል።

በዚያ ትውልድ የተሠራው ሥራ ዛሬም ያገለግለናል። ፕሮፌሰር ቮልፍ ሌስላው በሎስ አንጀለስ ዩኒቨርሲቲ አማርኛን ከማስተማራቸውም በላይ በ1976 ያሳተሙት የአማርኛና የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት እስከ ዛሬ ከተማሪዎች እጅ አልወጣም። የቺካጎው ሶሲዮሎጂስት ዶናልድ ሌቪን በ1965 ስለ ኢትዮጵያ ማኅበራዊ ኑሮ የጻፉትን መጽሐፍ «ሰምና ወርቅ» ብለው ሰየሙት። አማርኛ ሳይሰሙ እንዲህ ያለውን መጽሐፍ ማን ሊጽፍ ይችላል? በአስተርጓሚ የሚሰማ ሰው ሰሙን ያገኝ እንደ ሆነ እንጂ ወርቁ ከአስተርጓሚው ጋራ ይቀራል። በእንግሊዝም አገር በ1964 በለንደን ዩኒቨርሲቲ ለኢትዮጵያ ጥናት በቆመው የፕሮፌሰርነት ወንበር መጀመሪያ የተቀመጡት ኤድዋርድ ኡለንዶርፍ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አስመራ ሲሠሩ በትግርኛ ሳምንታዊ ጋዜጣ ምሥረታ የተካፈሉ ሰው ነበሩ። የሕዝቡን አኗኗር ያጠኑት ቋንቋውን በሥራ እየተጠቀሙበት ነበር።

ከዚያ ወዲህ ግን ነገሩ እየላላ መጥቷል። የአሜሪካ የቋንቋ መምህራን ማኅበር በየጊዜው ከሚያወጣው ቈጠራ እንደምንረዳው፣ ከ2016 እስከ 2021 ባሉት አምስት ዓመታት ብቻ በአሜሪካ ኮሌጆች ከእንግሊዝኛ ሌላ ቋንቋ ለመማር የሚመዘገበው ሰው ቍጥር በመቶ 16.6 ቀንሷል። በ2021 የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ የጥንታዊት ግሪክንና የሮማን ሥልጣኔ ዋና ትምህርታቸው አድርገው የሚመረቁ ተማሪዎች ግሪክኛ ወይም ላቲን እንዲያውቁ ያስገድድ የነበረውን ደንብ አነሣ። በ2023 ደግሞ የዌስት ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ የበላይ ቦርድ 28 የትምህርት ዘርፎችንና 143 የመምህራን ቦታዎችን ሲሰርዝ፣ የውጭ ቋንቋዎች ክፍል ተበተነ፤ ከሁሉም የቀሩት በጥቂት መምህራን የሚሰጡ የስፓኒሽና የቻይንኛ ኮርሶች ናቸው። ታላላቆቹ የአውሮፓ ቋንቋዎች እንዲህ ከሆኑ፣ አማርኛ፣ ትግርኛ፣ ሶማሊኛ በምን ዐቅማቸው ይቆማሉ?

የእኅቴን ልጅ ዩኒቨርሲቲ ደንብ የሚደግፍ ሰው የሚያቀርበው የመጀመሪያው መከራከሪያ ይታወቀኛል። «ስለ አፍሪካ ቀንድ የሚያስፈልገው ሁሉ በእንግሊዝኛ ተጽፏል፤ ተማሪው እርሱን ያንብብ» ይላል። ብዙ መልካም መጻሕፍት መኖራቸው እውነት ነው። ነገር ግን አንባቢው የሚያነበው ትርጕም ልክ መሆኑን በምን ይመዝናል? አንድ ምሳሌ ልስጥ። ርስትና ጉልት የሚባሉትን ሁለት ቃላት የማያውቅ የደጋ ገበሬ አልነበረም። ርስት ሰው ከአባቱና ከእናቱ ዘር ቈጥሮ የሚያገኘው የመሬት ድርሻ ነው፤ ጉልት ግን መሬቱን ከሚያርሰው ሰው ግብር የመቀበል መብት ነው። ባንድ ማሳ ላይ ባለርስቱም ባለጉልቱም ሊገናኙ ይችላሉ። አንድ ተርጓሚ ሁለቱንም «የመሬት ባለቤትነት» ብሎ ቢያልፋቸው፣ አንባቢው በዚያ ማሳ ላይ ሁለት ባለቤት አይቶ ይደናገራል፤ ወይም ጉልተኛውን እንደ አውሮፓ ባላባት፣ ባለርስቱን እንደ ጭሰኛ አድርጎ ይረዳል። በኤርትራ ደጋ ደግሞ ድየሳ የሚባለው የመንደር የጋራ መሬት አለ፤ በየጊዜው ለመንደሩ ሰዎች እንደገና ይታደላል። ይህን የማያውቅ እንግዳ ለጊዜው ጦም ያደረ ማሳ ቢያይ ባለቤት የሌለው መሬት ይመስለዋል። በጣልያን አገዛዝ መጀመሪያ ዘመን ለጣልያን ሰፋሪዎች ተብሎ ብዙ መሬት ወደ መንግሥት በተወሰደ ጊዜ ምን እንደ ተከተለ የታወቀ ነው፤ በ1894 ደጃዝማች ባሕታ ሓጎስ በአከለ ጉዛይ የተነሡት በዚሁ የመሬት ጉዳይ ነው።

የውጫሌንም ውል የማያውቅ አንባቢ የለምና ታሪኩን አልደግምም። አንድ ነገር ብቻ ላሳስብ። በ1889 በተፈረመው በዚያ ውል በ17ኛው አንቀጽ አማርኛው «ይቻላቸዋል» የሚለውን ጣልያንኛው ግዴታ እንዳደረገው ሁላችንም ተምረናል። ታዲያ ነገሩን የፈጸመው ቋንቋ የማያውቅ ሰው አልነበረም፤ የጣልያኑ መልእክተኛ ኮንት አንቶኔሊ አማርኛ ያውቅ ነበር። ሮማ ውሉን ለአውሮፓ መንግሥታት ባስታወቀች ጊዜ ግን የደረሳቸው ጣልያንኛው ነበር፤ አማርኛውን አስቀርቦ ያመሳከረ አልተገኘም። ምኒልክም የተደረገውን የተረዱት የንግሥናቸውን ደብዳቤ የላኩላቸው ነገሥታት በ1890 «ወደ እኛ የምትጽፉት በጣልያን በኩል ይሁን» የሚል መልስ ሲሰጧቸው ነው። ሁለቱን ጽሑፎች ጐን ለጐን አስቀምጦ ቃል በቃል የመረመረው ሥራ በ1964 ታተመ፤ ያዘጋጁትም በዚያን ጊዜ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት ስዊድናዊው የታሪክ ሊቅ ስቨን ሩበንሰን ናቸው። ስለ ቋንቋ ግዴታ የምከራከረውም በዚህ ምክንያት ነው። ቋንቋ የሚያውቁት ጥቂቶች ሲሆኑ የቀሩት ሁሉ የእነዚያ ጥቂቶች እስረኞች ናቸው። እውነት ቢነግሯቸው ያምናሉ፤ ሐሰት ቢነግሯቸውም ያምናሉ። ስድስት ኮርስ የተማረ ሰው መጽሐፍ እንዲጽፍ አይጠበቅበትም፤ የተነገረውን ለመመርመር ግን ጥቂት መሣሪያ በእጁ ሊኖረው ይገባል።

አገሩን ሳያዩ ቋንቋውን በመማር ብቻ ምን ያህል መድረስ እንደሚቻል ያሳየ ሰው ደግሞ አለ። ጀርመናዊው ኢዮብ ሉዶልፍ በ1649 በሮም በቅዱስ እስጢፋኖስ የኢትዮጵያውያን ማረፊያ ከአባ ጎርጎርዮስ ጋራ ተገናኘ። አባ ጎርጎርዮስ የቤተ አምሐራ ሰው፣ የተማሩ መነኩሴ ነበሩ። ሦስት ዓመት ቈይቶ በ1652 ሁለቱ በጀርመን አገር በጎታ ቤተ መንግሥት እንደገና ተቀመጡ፤ ሉዶልፍ ይጠይቃል፣ አባ ጎርጎርዮስ ይመልሳሉ፤ መግባቢያቸውም ግዕዝ ነበር። ከዚህ ንግግር በ1681 የኢትዮጵያ ታሪክ፣ በ1698 የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ወጡ። ሉዶልፍ ኢትዮጵያን ረግጦ አያውቅም። አባ ጎርጎርዮስም ወደ አገራቸው ሲመለሱ በ1658 መርከባቸው ተሰብሮ ባሕር ላይ ቀሩ፤ ከእነዚያ መጻሕፍት አንዱንም ሳያዩ። ዛሬ በአውሮፕላን በአንድ ሌሊት አዲስ አበባ ወይም አስመራ ደርሰው፣ ሁለት ሳምንት በሆቴል ቈይተው፣ በእንግሊዝኛ ጠይቀው በእንግሊዝኛ ተመልሰው የሚጽፉትን ሰዎች ሳይ፣ ከአንድ መነኩሴ ጋራ ጎታ ላይ የተቀመጠው ሰው ይበልጥ የቀረበን ይመስለኛል።

ሁለተኛው መከራከሪያ ከመጀመሪያው ይልቅ የጠነከረ ነው፤ ስለ ጊዜ የሚነሣው ማለቴ ነው። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ዲፕሎማቶቹን የሚያሠለጥንበት የቋንቋ ትምህርት ቤት ለስዋሂሊ 36 ሳምንት፣ ለአማርኛና ለሶማሊኛ 44 ሳምንት፣ በሰዓት ሲቈጠር ወደ 1,100 ሰዓት ያህል፣ ለዐረብኛ ደግሞ የዚህን እጥፍ ይመድባል። ይህ እንግዲህ ሌላ ሥራ ሳይኖረው ቀኑን ሙሉ ለሚማር ሰው ነው። በዩኒቨርሲቲ በሳምንት አራት ሰዓት፣ በዓመት 30 ሳምንት ቢሰጥ 120 ሰዓት ይሆናል። በዚህ አካሄድ 1,100 ለመሙላት ዘጠኝ ዓመት ያስፈልጋል። «ታዲያ የማይደረስበትን ነገር ግዴታ ማድረግ ምን ይጠቅማል?» ቢሉኝ፣ ሒሳቡ ልክ መሆኑን አልክድም። ቋንቋ አስተምሬአለሁና ግን ከልምዴ ልናገር። ሁለት ዓመት፣ ማለት 240 ሰዓት ያህል፣ በደንብ የተማረ ሰው ተናጋሪ አይሆንም፤ መዝገበ ቃላት ይዞ አንድ የጋዜጣ ዐምድ በዝግታ ያነባል፤ አስተርጓሚው ረጅሙን ንግግር ባጭሩ ሲቈርጥበት ይሰማል፤ አንድ ቃል ሲያጠራጥረው «ይህን በአማርኛ ምን አሉት?» ብሎ ይጠይቃል። ይህች አንዲት ጥያቄ ብቻ የሁለት ዓመት ክፍያ ትበቃለች።

ተማሪዎች ቋንቋ ግዴታ ሲሆን ይሸሻሉ፣ የትምህርት ክፍሉም ሰው አጥቶ ይዘጋል የሚሉም አሉ። ይህ ፍርሃት ከንቱ አይደለም፤ ጥቂቶች መሸሻቸው አይቀርም። ነገር ግን በመጀመሪያ ተማሪው እንዲሸሽ ያደረገው ማን ነው? የቋንቋውን ክሬዲት ከቍጥር ያስወጣ ደንብ ተማሪውን በሩን አልፎ እንዲሄድ ራሱ እያመለከተው ነው። ከዚያም መምህሩ ተማሪ አነሰው ተብሎ የዓመት ውሉ አይታደስለትም፤ መምህሩ ሲሄድ ደግሞ ቋንቋው የሚሰጥ ሰው የለም ተብሎ ይሰረዛል። የሚሹት ሰዎች ግን አልጠፉም። በካናዳ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ግዕዝ እንዲያስተምር መዋጮ በተጀመረ ጊዜ፣ ዘ ዊኬንድ በሚለው የመድረክ ስሙ የታወቀው የኢትዮጵያውያን ልጅ አቤል ተስፋዬ በ2016 ዓ.ም. 50,000 ዶላር ሰጠ፤ በ2017ም ትምህርቱ ተጀመረ። ይህን በደስታ ሰምተነዋል። ሆኖም ከጥንታውያን የጽሑፍ ቋንቋዎች አንዱ የሆነው ግዕዝ በአንድ ታላቅ ዩኒቨርሲቲ መቀመጫ ለማግኘት የድምፃዊ ኪስ መጠበቁ ያሳዝናል።

እስካሁን የተናገርሁት ስለ ሌሎች ነው። አሁን ወደ ራሳችን መመለስ ይገባል፤ ምክንያቱም ይህ በደል የአሜሪካኖች ብቻ ነው ብንል እውነት አንናገርም። አማርኛ የሚያነበው የደጋ ሰው የቀይ ባሕርን ዳርቻ ታሪክ ሲጽፍ ምን ያህሉ ዐረብኛ ያውቃል? ምጽዋን በ1557 ቱርኮች ያዙ፤ በ1865 ወደ ግብፅ ኬዲቭ እጅ ገባች፤ በ1885 ጣልያኖች ወረዱባት። የከተማይቱ ነጋዴዎች ውል፣ ጋብቻ፣ ውርስና ብድር የተጻፈው በሸሪዓ ፍርድ ቤቷ መዝገብ ላይ በዐረብኛ ነው። ጆናታን ሚራን የተባሉት የታሪክ ተመራማሪ በ2009 ስለ ምጽዋ ሕዝብ ያሳተሙት መጽሐፍ ሊጻፍ የቻለው ይህንን መዝገብ ከጣልያንኛው ሰነድ ጋራ አጣምረው ማንበብ ስለ ቻሉ ነው። እኛ ግን ብዙ ጊዜ የባሕሩን ዳር ታሪክ የምንናገረው ከደጋ ሆነን፣ ወደብ በምትል አንዲት ቃል ብቻ ነው። በወደቡ የሚኖረው ሰው ትግረ ይናገራል፣ አፋርኛ ይናገራል፣ ሳሆ ይናገራል፤ በዳህላክ ደሴቶችም የራሱ ቋንቋ አለው። ከእነዚህ አንዱንም ሳይሰማ ስለ ባሕር በር የሚከራከር የዩኒቨርሲቲ ምሩቅ፣ ፊልም አይቶ የአፍሪካ ዐዋቂ ከተባለው አሜሪካዊ በምን ይሻላል?

በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪን ማስገደድ አዲስ ነገር አይሆንም። በ1964 የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት እያንዳንዱ ተማሪ ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛት ወርዶ እንዲያገለግል ያስገድድ ነበር፤ አብዛኞቹም በመምህርነት አገልግለዋል። ያጕረመረሙ ነበሩ። ነገር ግን ከከተማ ወጥቶ የማያውቅ ልጅ በዚያች ዓመት የአገሩን ስፋት አይቶ ተመለሰ። በ1963 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋምም በቤተ መጻሕፍቱና በቤተ መዘክሩ ብዙ የግዕዝ፣ የአማርኛና የሌሎች ቋንቋዎች ጽሑፍ ሰብስቦ አቆይቷል። እንግዲህ የጐደለው ቦታ ወይም መጽሐፍ አይደለም። በ2020 የኢትዮጵያ መንግሥት ከአማርኛ ሌላ አፋን ኦሮሞ፣ ትግርኛ፣ ሶማሊኛና አፋርኛ የፌዴራል የሥራ ቋንቋ እንዲሆኑ በፖሊሲ መወሰኑን አስታወቀ። ውሳኔው በወረቀት ላይ መልካም ነው። በእነዚህ ቋንቋዎች ማመልከቻ ተቀብሎ የሚመልሰው ጸሐፊ ግን ከሰማይ አይወርድም። ሕግ፣ ታሪክ ወይም አስተዳደር የሚማር ተማሪ ከራሱ ቋንቋ ሌላ አንድ የጎረቤት ቋንቋ ለሁለት ዓመት ተምሮ፣ ተፈትኖ፣ ክሬዲቱ ተቈጥሮለት ካልወጣ ያ ፖሊሲ በማን እጅ ይሠራል?

ለእኅቴ ልጅ የሰጠኋት ምክር እንግዲህ ከዚህ የመነጨ ነው። ለትምህርት ክፍሏ ደብዳቤ እንድትጽፍ ነገርኋት። የምትጠይቀውም ብዙ አይደለም፤ የመጀመሪያው ዓመት የቋንቋ ትምህርት ከ18ቱ ክሬዲት ውስጥ ይቈጠር፤ ከዚያም አራት መንፈቅ ቋንቋ መማር የዚያ ማይነር ግዴታ ይሁን። ክሬዲቱን መቍጠር ለዩኒቨርሲቲው አንድ ሳንቲም አያስወጣውም። ግዴታውን ግን ቀስ ብሎ ማስገባት ይቻላል፤ አስቀድሞ ለተመዘገቡት ሳይሆን ወደፊት ለሚገቡት።

በዚህ ጊዜ ልጅቱ ሳቀችና «እኔንማ ግዴታው አይመለከተኝም፤ አማርኛ እኮ እችላለሁ» አለችኝ። እርግጥ ነው ትችላለች። ከእናቷ ጋራ ታወራበታለች፣ ከእኔም ጋራ በስልክ ትጫወታለች፤ አያቷን ስትጠራ ያለውን ለዛ ሰምቼ ደስ ይለኛል። እኔ ግን አንዲት ጥያቄ ጠየቅኋት። እናቴ፣ ማለት የእርሷ አያት፣ ከማረፋቸው በፊት ለልጆቻቸው የጻፏቸው ደብዳቤዎች በእኅቴ ቤት በአንድ ሣጥን ውስጥ አሉ። «ከእነርሱ አንዱን አንብበሽ ታውቂያለሽ?» አልኋት። ዝም አለች። ፊደሉን አታውቀውም። ሠላሳ ሦስቱን ፊደላት ከነሰባት ዝርዝራቸው፣ ድቃላዎቹንም ጨምሮ፣ ያስቈጠራት ሰው የለም። ቤተ ዘመዱ ሁሉ «ልጅቱ አማርኛ ትችላለች» ሲል ኖሯል፤ እኔም ጭምር። አያቷ በእጃቸው የጻፉትን ግን እናቷ ካላነበበችላት አታውቀውም። በውጭ አገር የሚወለዱ ልጆቻችን በብዙው እንዲህ ናቸው። ጆሯቸው ይሰማል፣ አንደበታቸው ጥቂት ይናገራል፣ ዐይናቸው ግን ገጹ ላይ ሲያርፍ ጭረት ብቻ ያያል። ስለዚህ ዩኒቨርሲቲዎች «በቤቱ የሚናገረው ቋንቋ ነው» ብለው እንዲህ ያለውን ተማሪ ከግዴታው ነጻ ማውጣታቸው ለልጁ ውለታ መዋል አይደለም። ፈትነው ማንበብና መጻፍ የሚችለውን ወደ ላይኛው ክፍል ያሳልፉት፤ የማይችለውን ከፊደል ያስጀምሩት።

ደብዳቤውን ጽፋ ከገባች ሦስት ወር ሆኗታል። የትምህርት ክፍሉ ጉዳዩ በኮሚቴ እየታየ ነው የሚል አጭር መልስ ሰጥቷታል፤ ኮሚቴው መቼ እንደሚሰበሰብ ግን አልነገራትም። እርሷ በበኩሏ አልጠበቀችም። በዚህ መንፈቅ የማይቈጠረውን የአማርኛ ኮርስ ተመዝግባ ፊደል ጀምራለች፤ በክፍሉ ውስጥ ያሉት ተማሪዎች አምስት መሆናቸውን ነግራኛለች። የሌስላውን መዝገበ ቃላት በፖስታ ልኬላታለሁ። ባለፈው ሳምንት የአያቷን አንድ ደብዳቤ ፎቶግራፍ አንሥታ ላከችልኝና ከሦስተኛው መስመር ላይ ያለችውን አንዲት ቃል ምን እንደ ሆነች ጠየቀችኝ። የእናቴን የእጅ ጽሕፈት ወዲያው ዐወቅሁት። ቃሏን ግን አልነገርኋትም፤ መዝገበ ቃላቱን እንድትገልጥ ጻፍሁላት።